ሳን ሳባና ፒካን ፈልፋዮቹ ሴቶች

እህቶች፣ ፒካንን ተፈልፍሎና በላስቲክ ታሽጎ ስለምንገዛው ከየት እንደመጣ ብዙም አንጠይቅም። በመካከለኛው ቴክሳስ፣ በሳን ሳባ ወንዝ ዳር ያለችው ትንሿ የሳን ሳባ ከተማ ግን ራሷን «የዓለም የፒካን ዋና ከተማ» ብላ ትጠራለች። ስሙ ለቁመቷ ቢበዛባትም ምክንያት አላት።

ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ1854 ተቆረቆረች። ፒካኑ ግን ከእሷ በፊት በወንዙ ዳር ባለው ደለል ላይ በዱር ይበቅል ነበር። በ1870ዎቹ ኤድመንድ ሪዚየን የሚባል እንግሊዛዊ አናጺ እዚያ ሰፈረና ምርጥ ፒካን ላመጣለት ሰው 5 ዶላር እሸልማለሁ አለ። አንዱ ግሩም ፍሬ ይዞ መጣ። ዛፉን አሳየኝ ቢለው፣ ለካስ ሰውየው ፍሬውን ለማውረድ ሲል ቅርንጫፎቹን በመጋዝ ቆርጦ ጨርሷቸው አንድ ብቻ ቀርቷል! ሪዚየን ቦታውን ገዝቶ ዛፉን ተንከባከበ። ዛፉም አገገመ፤ ከዘሩም ዌስተርን የተባለው ዝነኛ ዝርያ ተገኘ።

የከተማዋ ታሪክ ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ያበቃል። ለእኔ ግን ግማሹ ነው። ፍሬው ከቅርፊቱ መውጣት አለበታ! በ1930ዎቹ የቴክሳስ ፒካን በብዛት የሚፈለፈለው ከሳን ሳባ በስተደቡብ ባለችው በሳን አንቶኒዮ ሲሆን፣ ፈልፋዮቹም አብዛኞቹ የሜክሲኮ ተወላጅ ሴቶች ነበሩ። መፈልፈያ ማሽን ጠፍቶ አይደለም፤ የሰው እጅ ከማሽን ስለረከሰ ነው። አየር በማይገባው ክፍል፣ በቅርፊቱ አቧራ ታፍነው ውለው በሳምንት የሚያገኙት 2 ወይም 3 ዶላር ነበር። ሳንባ ነቀርሳም በሰፈራቸው በዝቶ ነበር። ኦቾሎኒ ፈልፍላ የምታውቅ እህት የጣቱን ሕመም ብቻ ትገምት።

ጃንዋሪ 31 ቀን 1938፣ የአንድ ፓውንድ ክፍያ በ1 ሳንቲም ሲቀነስባቸው 12,000 ያህል ሠራተኞች ሥራ አቆሙ። ከፊት የቆመችው ኤማ ቴናዩካ ገና 21 ዓመቷ ነበር። ፖሊስ በመቶ የሚቆጠሩትን አሰረ፤ እነሱ ግን ወደ ሥራ አልተመለሱም። ከሳምንታት በኋላ አሠሪዎቹ በግልግል ለመዳኘት ተስማሙ።

በዚያው ዓመት የአገሪቱ ሕግ ዝቅተኛውን ክፍያ በሰዓት 25 ሳንቲም አደረገው። ያኔ አሠሪዎቹ ማሽኑን መልሰው አስገቡ፤ በሺህ የሚቆጠሩት ፈልፋዮችም ከሥራ ወጡ።