ባሮ ከመስኮት ሲታይ

ከቦሌ ተነስታችሁ ጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ ልትደርሱ ስትሉ፣ የመስኮት ወንበር ከደረሳችሁና ሰማዩም ከጠራ ወደ ታች እዩ። ደጋው ያልቅና ሜዳው ይዘረጋል፤ ባሮ ይጠማዘዝበታል። ከዚያ ከፍታ ወንዙ ቀጭን መስመር ነው። በሩ ተከፍቶ ሙቀቱ ፊታችሁን ሲመታው ደግሞ አንዱ ተሳፋሪ "ኧረ ይሄ በረሃ ነው!" ማለቱ አይቀርም። ክረምት ላይ ወንዙ ሞልቶ ሜዳውን የሚያጥለቀልቅበትን አገር በረሃ ማለት! ቃሉ የሚናገረው ስለ ጋምቤላ ነው ወይስ ስለ እኛ ስለ ደገኞቹ?

ወንዝን እንደ መስመር ያያችሁ እናንተ የመጀመሪያዎቹ አይደላችሁም። በ1902 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አፄ ምኒልክና እንግሊዝ የሱዳንን ድንበር ሲዋዋሉ፣ ከፊሉን በባሮ፣ በፒቦርና በአኮቦ ወንዞች ላይ አሳለፉት። ካርታ ለሚሥል ሰው ወንዝ የተዘጋጀ ድንበር ነው። አኝዋሃዎች ግን መንደራቸውን የሚሠሩት ወንዝ ዳር ነው፤ ዓሣው ከዚያ ነው፤ በቆሎው የሚዘራው ጎርፉ የተወውን ርጥበት ተከትሎ ነው። የአገራቸው መሃል የነበረው ውሃ ወረቀት ላይ የአገር ጫፍ ሆነ።

ያው ውል በኢታንግ አካባቢ ከ400 ሄክታር ያልበለጠ፣ በወንዙ ዳር ከ2000 ሜትር ያልረዘመ የንግድ ቦታ ለሱዳን መንግሥት እንዲከራይ ፈቀደ። ጣቢያው የተቋቋመው ግን ጋምቤላ ላይ ነው። ወንዙ ሲሞላ መርከብ ይመጣል፣ ቡና ጭኖ ይሄዳል። እና ጋምቤላ ለአዲስ አበባ ሩቅ ጠረፍ፣ ለካርቱም ነጋዴ ደግሞ ወደብ ነበረች። ይህ እስከ 1956፣ ሱዳን ነፃ እስከወጣችበት ዓመት ድረስ ቀጠለ።

አሁን ወደ አንድ ሰው ልውሰዳችሁ። እንግሊዛዊው አንትሮፖሎጂስት ኢቫንስ ፕሪቻርድ በሱዳን መንግሥት ጥያቄ በ1930 ወደ ኑዌሮች ሄደ። መንግሥት ኑዌሮችን በጦር ካስገበረ ገና መቆየቱ ነው። አንድ ማለዳ የመንግሥት ጦር እሱ ያለበትን የከብት ሰፈር ከቦ ፈተሸ። ታዲያ ከዚያ በኋላ ማን ያምነዋል? የዘሩን ስም ሲጠይቀው ጥያቄውን በጥያቄ የሚመልስ ሰው ያጋጥመዋል። ወጣቶቹ ደስ ብሏቸው የሚያወሩት ስለ ከብት ነው፤ ሌላ ወሬ ቢጀምርም ዞሮ ዞሮ ከብት ላይ ይደርሳል። የቆየው በድምሩ አንድ ዓመት ያህል ብቻ ነው። በ1940 የታተመው "ዘ ኑዌር" በዓለም ዩኒቨርሲቲዎች ለአሥርት ዓመታት ተነበበ። ስለ ጦሩና ስለ ጥርጣሬው በመግቢያው በግልጽ ጽፏል፤ ይህ ያስመሰግነዋል። በዋና ምዕራፎቹ ግን ያ መንግሥት እምብዛም አይታይም። ኑዌሮች በራሳቸው ዓለም ብቻቸውን የሚኖሩ ይመስላሉ። የላከውን መንግሥት ከሥዕሉ አወጣው፤ በእኔ ግምት የመጽሐፉ ትልቁ ጉድለት ይህ ነው።

ችግሩ የውጭ ሰው ብቻ እንዳይመስላችሁ። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ደረጀ ፈይሳ በ2011 በወጣው መጽሐፉ ጎረቤታሞቹ አኝዋሃና ኑዌር "የእኛ ሰው" የሚለውን ራሱን በተለያየ ዓይን እንደሚያዩት ያሳያል። ለአኝዋሃ ማንነት ከደምና ከመሬት ጋር የተሳሰረ ነው። በኑዌር ዘንድ ደግሞ ባዕድ የነበረ ሰው ገብቶ ኑዌር ሊሆን ይችላል። እንግዲህ ኑዌሩ "ና፣ አንድ እንሁን" ሲል በእሱ ቤት ደግነት ነው፤ አኝዋሃው ግን መዋጥን ይሰማል። ይህ የቃላት ጨዋታ አይደለም። በመሬትና በሥልጣን ጠብ በሁለቱም ወገን ሰው ሞቷል።

ከማረፊያው ወጥታችሁ ከተማ ስትገቡ ድልድዩ ጋ ቆም በሉና የወንዙን ስም ጠይቁ። የጠየቃችሁት ሰው አኝዋሃ ከሆነ "ኦፔኖ" ሊላችሁ ይችላል።