ስንቀ ሰሙን

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በከተማ ነዋሪዎች፣ ይልቁንም ከማለዳ እስከ ምሽት በሥራ ተጠምደው በሚውሉ ወጣቶች አንደበት፣ «ሚል ፕላኒንግ» እና «ሚል ፕሬፕ» የሚባሉ ሁለት የባዕድ ስሞች ሲዘወተሩ ይሰማል። የመጀመሪያው በሳምንቱ ውስጥ በየትኛው ቀን ምን እንደሚበላ አስቀድሞ መወሰን ሲሆን፣ ሁለተኛው ያ ውሳኔ በዕረፍት ቀን ወደ ተግባር ተለውጦ፣ ምግቡ በሙሉም ሆነ በከፊል ተሠርቶ በየዕቃው ተከፍሎ መቀመጡ ነው። ሁለቱ ሥራዎች ተከታትለው የሚሄዱ ቢሆኑም አንድ አይደሉምና፣ ለመጀመሪያው «ውጥነ ማዕድ»፣ ለሁለተኛው «ስንቀ ሰሙን» የሚሉ ስሞች ቢሰጧቸው እወዳለሁ፤ ሰሙነ ሕማማትን የሚያውቅ ሁሉ የሰሙንን ትርጉም አይስተውም፤ የግእዙ አነጋገር የከበደውም «የሳምንት ስንቅ» ቢል ነገሩ ያው ነው።

«ቅድመ ዝግጅት» የሚለውን ያልመረጥሁበት ምክንያት፣ ቃሉ ለስብሰባውም ለፈተናውም ለሠርጉም ስለሚውል ምግብን ለይቶ የማያሳስብ በመሆኑ ነው። ስንቅ ግን ምግብ ለማብሰል ጊዜም ሥፍራም ለማይገኝበት ሰዓት አስቀድሞ የሚሰናዳ፣ በመንገዱም ርዝመት ልክ የሚሰፈር ነውና፣ ሰኞ ማለዳ ከቤት ወጥቶ ምሽት ደክሞት ለሚገባ ሠራተኛ የሚስማማው ይህ ስም ነው።

ደግሞም ነገሩ ለባልትና ሙያችን እንግዳ አይደለም። በርበሬው ተቀንጥሶ፣ ተደልዞ፣ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ፣ ቅመሙ ገብቶበት ሲፈጭ፣ ሽሮውም ታምሶና ተከክቶ ከነማጣፈጫው ሲዘጋጅ፣ የቤቱ እመቤት የምታሰናዳው የብዙ ወራት ስንቅ ነው፤ ለዘማችና ለመንገደኛም በሶው፣ ጭኮው፣ ቋንጣው፣ ድርቆሹ በስልቻና በአገልግል ይሰናዳ ነበር። እነዚህ ሁሉ ለረጅም ጊዜ የሚበረክቱት ደረቅ ወይም በቅቤ የታሹ በመሆናቸው ሲሆን፣ የዛሬው ስንቀ ሰሙን ግን የተቀቀለ፣ የተወጠወጠ፣ እርጥበት ያለው ምግብ ስለሆነ፣ አዲሱ ዕውቀት በአብዛኛው የሚያርፈው ምን ያህል ቀን ይቆያል በሚለው ጥያቄ ላይ ነው። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 16 እስራኤል በስድስተኛው ቀን ለሰንበት ጭምር እጥፍ መና እንዲሰበስቡ ሲፈቀድላቸው፣ በሌላው ቀን ለነገ ብለው ያሳደሩት መና ግን ተልቶ መሽተቱ ተጽፏል፤ አስቀድሞ ማሰናዳትና መበላሸት በዚያው በአንድ ታሪክ ውስጥ ጎን ለጎን መገኘታቸው ሁልጊዜ ያስገርመኛል።

ጀማሪ የሆነ ሰው የሳምንቱን ቁርስ፣ ምሳና እራት ሁሉ በአንድ እሑድ ልሥራ ቢል በሁለተኛው ሳምንት መሰልቸቱ አይቀርምና፣ ከአምስቱ የሥራ ቀናት ምሳ ብቻ ቢነሣ ይበቃዋል። ውጥኑንም ከምግቡ ሳይሆን ከቀን መቁጠሪያው ይጀምር፤ በዓለ ሃምሳ ካልሆነ በቀር ረቡዕና ዓርብ የጾም ቀናት ስለሆኑ፣ ለሚጾም ቤተሰብ ከአምስቱ ምሳ ሁለቱ ገና ከመነሻው የተወሰኑ ናቸው። ቀጥሎ በቤት ያለው ይታይ፤ ገበያ የሚወጣው ለጎደለው ብቻ ነውና፣ ይህች ትንሽ ጥንቃቄ በጓዳ ጥግ የሚበላሸውን ድንችና ቲማቲም ታድናለች።

ከሥራዎቹ ሁሉ ድካምን በእጅጉ የሚያቀልለው፣ በእኔ አስተያየት፣ ያለቀለትን ወጥ ሳይሆን ቁሌቱን ማሰናዳት ነው። ሽንኩርቱ በደቃቁ ተከትፎ፣ ዘይት ሳይገባበት በመለስተኛ እሳት እየተማሰለ ውኃውን ሲጨርስ ዘይቱ ይጨመራል፤ ከዚያም በርበሬው ገብቶ፣ ድስቱ እንዳይዝ ውኃ ጠብ ጠብ እየተደረገበት በዝግታ ሲቁላላ፣ የበርበሬው የጥሬ ሽታ ይጠፋና ዘይቱ ወደ ላይ ይወጣል፤ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብሉም ይከተላሉ። ከወጥ ሥራ ብዙ ሰዓት የሚፈጀው ይህ ክፍል ስለሆነ፣ እሑድ አንድ ጊዜ በትልቅ ድስት ከተሠራ በኋላ በየዕቃው ተከፍሎ ቢቀመጥ፣ ረቡዕ ምስር ሲገባበት የጾም ወጥ፣ ሐሙስ ሥጋና ንጥር ቅቤ ሲጨመርበት የፍስክ ወጥ ይሆናል። ስለዚህ ቁሌቱ በዘይት እንጂ በቅቤ አይሠራ፤ ቅቤ አንዴ ከገባበት ለጾም ቀን ማገልገሉ ያበቃልና።

ስለ ማስቀመጡ ደግሞ ቁጥሮቹን ማወቅ ግድ ነው። ትኩሱ ወጥ በትልቁ ድስት እንዳለ ውሎ ቢያድር መካከሉ ለረጅም ሰዓታት ለብ ብሎ ስለሚቆይ ለተህዋስያን መራቢያ ይሆናል፤ ስለሆነም ጥልቀት በሌላቸው ዕቃዎች ተከፋፍሎ፣ ከእሳት በወረደ በ2 ሰዓት ውስጥ ከ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በማይበልጥ ፍሪጅ ውስጥ መግባት አለበት። በዚህ ሁኔታ የበሰለ ምግብ ከ3 እስከ 4 ቀን ይቆያል፤ ከዚህም እንደምንረዳው የእሑድ ምግብ ለዓርብ አይደርስም። የሳምንቱ ሁለተኛ አጋማሽ ድርሻ በዚያው በእሑድ ምሽት ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ወደሆነው ፍሪዘር ይግባ፤ ከዋዜማውም ወደ ፍሪጁ ወርዶ በዝግታ ይቅለጥ እንጂ ጠረጴዛ ላይ አይደር። ሲሞቅም ለብ ማለቱ አይበቃም፤ መካከሉ 74 ዲግሪ እስኪደርስ፣ ወጥ ከሆነ እስኪንተከተክ ይሙቅ። ቀድሞ የተቀቀለ ሽምብራና ምስር ፍሪዘሩን በደንብ ይችላል፤ የተቀቀለ ድንች ግን ውኃ አዝሎ ስለሚፈረካከስ ለዕለቱ ቢሠራ ይሻላል፤ ሰላጣም ታጥቦ በደረቁ ይቀመጥ፤ ሎሚውና ዘይቱ በሚበላበት ሰዓት ይጨመርበታል።

እንጀራው የራሱ ሥርዓት አለው። ቡኮው እስኪቦካ ሦስት ቀን ያህል ስለሚፈልግ፣ ቅዳሜ መጋገር የሚፈልግ ሰው ረቡዕ ማታ ማቡካት ይኖርበታል፤ ይህን ያልቆጠረ ውጥን ወጡ ሞልቶ እንጀራ ይጎድለዋል። የተጋገረውም በሦስተኛው ቀን ገደማ መሻገት ስለሚጀምር፣ የተረፈው ሰኞ ማታ ተቆራርጦ ይሰጣ፤ ሲደርቅ ድርቆሽ ይሆናልና፣ ከተቀመጠው ቁሌት ጥቂት ታክሎበት የሐሙስ ቁርስ ፍርፍር ይሆናል።

መብራት በጠፋ ጊዜም መደናገጥ አያሻም፤ በሩ ካልተከፈተ ፍሪጅ ለ4 ሰዓት ያህል፣ ሙሉ የሆነ ፍሪዘር ደግሞ ለ48 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። ፍሪጅ የሌለበት ቤት የደረቁን ወገን ያጠናክር፤ ቅዳሜ ክኩ ተለቅሞ፣ ሽሮውና በሶው በየዕቃው ተሞልቶ፣ ቋንጣው ተሰቅሎ ከተገኘ፣ በሥራ ቀን ምሽት ሽንኩርት መክተፍና ድስት መጣድ ብቻ ይቀራል።