ኪስ የሌለው ልብስ፦ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋ ስለ ገንዘብ መያዣ ምርጫ



የዛሬውን ንግግር የወለደው የተማሪዎች ጥያቄ ነው። ባለፈው ዓመት ለባህል ቀን የሚዘጋጁ ልጆች ቢሮዬ ድረስ መጥተው፣ «ዶክተር፣ ባና ለብሰን ድግ ታጥቀን ስንወጣ ስልካችንንና መታወቂያችንን የት እናድርገው?» አሉኝ። ሳቅሁ። ከሳቄ በኋላ ግን መልስ አጣሁ። እኔ የመንዝ ልጅ ነኝ፤ ስለ ሸዋ መኳንንት፣ ስለ ግብርና ስለ ዘመቻ ለዓመታት አስተምሬአለሁ። ያ ሁሉ ገበሬ፣ ነጋዴና ወታደር ገንዘቡን በምን ይዞ እንደሚሄድ ግን አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ከቃሉ እንነሣ። «ኪስ» የምንለው ቃል በዐረብኛም አለ፤ በዚያ ትርጉሙ ከረጢት ነው። እንግሊዞች ለኪስ የሚጠሩበት ስምም ሥሩ «ትንሽ ከረጢት» ማለት ነው። ስለዚህ ከረጢቱ ቀደመ፤ ልብሱ ላይ የተሰፋው ዘግይቶ ነው። ይህን የምናገረው ገንዘቡን በጨርቅ የሚቋጥረውን ሰው ኪስ መስፋት ያልደረሰበት አድርጎ የሚያይ አስተያየት በእኛም መካከል ስላለ ነው። አስተያየቱ የተሳሳተ ይመስለኛል።

ለማነጻጸር አንድ ሩቅ አገር ልጥቀስ። የስኮትላንድ ደገኞች ኪልት የሚባለውን የሱፍ ሽርጥ ይለብሳሉ። ኪልት ኪስ የለውም፤ ስለዚህ ከፊት፣ ከወገብ በታች፣ ስፖራን የሚባል ከረጢት ያንጠለጥላሉ። ቃሉ በቋንቋቸው በቀጥታ የገንዘብ ከረጢት ማለት ነው። በ1746 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ የደጋውን ልብስ ከለከለ፤ ሕጉ በ1782 ተሻረ። ከዚያ በኋላ ስፖራን ብዙ መልክ አወጣ፤ ለሰልፍ ረጅም የፈረስ ጭራ ያለው፣ ለግብዣ በብር ያጌጠ፣ ለዘወትር ደግሞ ተራ ቆዳ። ዛሬም ኪልት የሚለብስ ሰው የትኛውን እንደሚመርጥ ያስባል፤ የሚያምረው ሁልጊዜ የሚመቸው አይደለምና።

ወደ እኛ ደጋ እንመለስ። በ1841 እ.ኤ.አ. ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የተላከው ካፒቴን ዊሊያም ኮርንዋሊስ ሐሪስ ያየውን ሲጽፍ መጽሐፉን «የኢትዮጵያ ደጋዎች» ብሎ ሰየመው። የሣህለ ሥላሴ የዘር ሐረግ የሚመዘዘው ከመንዝ ከተነሣው ከነጋሲ ክርስቶስ ነው። የዚያ አገር ብርድ ልብሱን ወስኖታል። ከጓሳ በኩል የሚወርደውን ውርጭ የቀመሰ ሰው፣ የመንዝ በግ ጠጉር ተፈትሎ የሚሠራውን ባናና ዝተት ለምን እንደ ወደድን አይጠይቅም። ሴቶች በእንዝርት ይፈትላሉ፤ ወንዶች ይሸምናሉ። ወደ ጀማ ሸለቆ ወረድ ስንል፣ ወደ መርሐቤቴ ቆላ፣ ጥጡ ይበረታል፤ ጋቢውና ኩታው ይቀድማል። ደጋም ሆነ ቆላ ግን ልብሱ የሚደረብ፣ የሚጣፋ፣ ሌሊት ደግሞ ብርድ ልብስ የሚሆን ነው። ቀን ትከሻ ላይ፣ ማታ እግር ላይ በሚውል ልብስ ኪስ የት ይሰፋል?

ሌላው ጉዳይ ክብደት ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን ሸዋ ትልቁ ገንዘብ ማርያ ትሬዛ ነበር። አንዱ ብር 28 ግራም ያህል ይመዝናል። አሥሩ 280 ግራም ነው፤ ሃምሳው አንድ ኪሎ ከአራት መቶ ግራም ይደርሳል። ይህን ያህል ብር በላላ የሱፍ ሽመና ላይ በተሰፋ ኪስ ብትከቱት ከጥቂት ጉዞ በኋላ ልብሱን ይጎትተዋል፤ ስፌቱንም ይተረትረዋል። ዝርዝሩ ደግሞ አሞሌ ጨው ነበር፤ እርሱ በአህያ ይጫናል እንጂ ወገብ ላይ አይታሰርም። ስለዚህ ብር የያዘ ሰው ሸክሙን ወደ ወገቡ ማስጠጋት ነበረበት። ወገብ ይሸከማል፤ እጅም ለዱላው፣ ለበቅሎው ልጓም፣ ኋላም ለጠመንጃው ነጻ ይሆናል።

ምርጫው ግን አንድ አልነበረም። ወንዱ ወገቡን ደጋግሞ በሚዞረው ድግ እጥፋት ውስጥ ይሸጉጣል፤ ወይም የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ከረጢት ከድጉ ላይ አንጠልጥሎ ባናውን ይደርብበታል። የሩቅ መንገደኛ በሶውን በስልቻ ይይዛል። የቆሎ ተማሪው ደበሎ ለብሶ አኮፋዳውን ያንጠለጥላል፤ የእርሱ መያዣ ግን መደበቂያ ሳይሆን መጠየቂያ ነው፤ አፉ ክፍት የሆነውም ለዚህ ነው። ቆዳውን አልፍተው ከረጢቱን የሚሠሩት ባለሙያዎች «ፋቂ» እየተባሉ ሲናቁ ኖረዋል። በእጃቸው ሥራ ገንዘባችንን እየጠበቅን እነርሱን ከማዕዳችን ማራቃችን ለብቻው ንግግር የሚገባው ነውር ነው።

ጠመንጃ ሲበዛ ዝናር መጣ። ጥይት ራሱ በገበያ እንደ ገንዘብ የሚመነዘርበት ጊዜ ስለ ነበር፣ ዝናር የታጠቀ ሰው በከፊል የገንዘብ ቦርሳ ታጥቋል ማለት ይቻላል። በጣልያን ወረራ ዘመን፣ ራስ አበበ አረጋይ የመሯቸው የሸዋ አርበኞች በዚህ ገደል ሲመላለሱ ዝናሩና የበሶው ስልቻ አልተለዩአቸውም።

ከሁሉም በላይ ልቆይበት የምፈልገው መቀነት ነው። መቀነት የሴት መታጠቂያ ብቻ አይደለም፤ የቤት ሒሳብ መዝገብ ነው። አያቴ ማንበብ አታውቅም ነበር፤ ነገር ግን በመቀነቷ ጫፍና ጫፍ ሦስት ቋጠሮ ነበራት። አንዱ የጨውና የበርበሬ፣ ሁለተኛው የስለት፣ ሦስተኛው የተዝካሯ። በበግና በእንቁላል ያገኘችው ሁሉ በእነዚህ ይከፋፈላል። አያቴ ሳትፈታ አያቴ ወንድ ልጇ እንኳ ያንን ገንዘብ አይነካም። ከአንዱ ወደ ሌላው ስትበደር አይቻለሁ፤ ስትመልስም አይቻለሁ።

በ1969 ዓ.ም. ደርግ የንጉሡን ምስል የያዘውን የወረቀት ገንዘብ በአዲስ ብር ሲለውጥ እኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርሁ። የመለወጫ ቀነ ገደብ ነበረው። የገብስ አጨዳና ውቂያ ላይ ነበርን፤ ወሬው እኛ ሰፈር ሲደርስ እንደ ሩቅ አገር ነገር ሆኖ ነው የደረሰው። አያቴ የተረዳችው አንድ ነጋዴ በገበያ ብሯን አልቀበልም ባላት ጊዜ ነው። በማግሥቱ እኔን አስከትላ ወደ ከተማ ሄደች። የገባንበትን መሥሪያ ቤት አልጠራውም። መስኮቱ ፊት ቆማ ሦስተኛውን ቋጠሮ ፈታች። ጸሐፊው አየና፣ «እማማ፣ ጊዜው አልፏል» አለ። «ልጄ፣ ይህ እኮ የተዝካሬ ነው» አለችው። እርሱም ምን ያድርግ? ብሩን መልሳ ቋጠረችው። በመንገዱ ሁሉ አልተናገረችም።

እኔ የታሪክ መምህር ሆኜ ስለዚያ ዘመን የገንዘብ ለውጥ ብዙ አነበብሁ፤ አዋጁን አውቃለሁ፣ ምክንያቱንም አስተምራለሁ። የመቀነት ባለቤት የሆነች ሴት ግን በዚያ ጽሑፍ ውስጥ አላገኘኋትም። ዝምታው ያለ ምክንያት አይደለም። በባንክ ያለ ገንዘብ መዝገብ ይተዋል፤ ቋጠሮ አይተውም። መስከረም 2013 ዓ.ም. እንደገና ብር ሲለወጥ የመጀመሪያ ሐሳቤ ወደ እናቴ መደወል ነበር። «መቀነትሽን ፍቺ» አልኋት። ሳቀች፤ ግን ፈታችው።

ኮት፣ ካኪና ተፈሪ ሱሪ ከነኪሳቸው ሲመጡ የወንዱ ከረጢት ቀስ በቀስ ጠፋ። የሴቷ ቀሚስ ግን ኪስ ሳይሰፋለት ቆየ፤ መቀነቱም አብሮት ቆየ። ምክንያቱ ልማድ ብቻ አይመስለኝም፤ ኪስን ማንም እጁን ይሰድበታል፣ ቋጠሮን ግን ባለቤቷ ሳታውቅ መፍታት አይቻልም።

ለተማሪዎቹ የሰጠሁት መልስ ይኸው ነው። ስልካችሁ 200 ግራም ያህል ነው፤ ሰባት ማርያ ትሬዛ ማለት ነው። ወንዶቹ ከድጋችሁ ላይ፣ በግራ ጎን፣ ክዳን ያለው ተራ የቆዳ ከረጢት አንጠልጥላችሁ ባናውን ደርቡበት። ዛጎልና ዘርፍ የበዛበትን በገበያ የሚሸጠውን ተዉት፤ ስትጨፍሩ ይመታችኋል፣ አያታችሁም አያውቀውም። ሴቶቹ ገንዘባችሁን ቋጥሩ፤ ስልኩን ግን ለጓደኛ ስጡ፤ መቀነት ለዚያ አልተሠራም።

የአያቴን መቀነት ይዤ መጥቻለሁ፤ እዚህ ጠረጴዛው ላይ ነው። ጥያቄዎቻችሁን ከተቀበልሁ በኋላ ቀርባችሁ ማየት ትችላላችሁ። ሁለቱ ቋጠሮዎች ተፈትተዋል። ሦስተኛውን እርሷ እንደ ቋጠረችው ስለ ሆነ እንዳትፈቱብኝ አደራ።