ምስል ሲመሰክር፦ የሰብዓዊ መብት ጥሰትን በቪዲዮ ማጋለጥና ማስረጃ ማድረግ

በቦረና ምድር ከተልተሌ እስከ ሞያሌ በተዘረጋው ሰፊ ቆላማ ምድር አንድ ድርጊት ሲፈጸም ጋዜጠኛ ወይም መርማሪ በስፍራው የሚገኝበት አጋጣሚ እምብዛም ነው። ብዙዎቹ መንደሮች ከቦረና ዞን ዋና ከተማ ከያቤሎ፣ ይልቁንም ከአዲስ አበባ የራቁ ናቸው። ስለዚህ ቀድሞ የሚያየውም፣ ስልኩን አውጥቶ የሚቀርጸውም ነዋሪው ነው። በመላ ኢትዮጵያም ካለፉት ዓመታት የመብት ጥሰቶች ብዙዎቹ ለሕዝብ የተገለጡት በእንዲህ ያለ መንገድ ወጥተው ከእጅ ወደ እጅ በተላለፉ ቪዲዮዎች ነው።

ይሁን እንጂ ድርጊትን ማጋለጥ አንድ ነገር ነው፤ ማስረጃ ሆኖ ተጠያቂነትን ማስከተል ደግሞ ሌላ። ቪዲዮ ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው የሚሻገረው የት፣ መቼና በማን የሚሉት ጥያቄዎች በማያሻማ ሁኔታ ሲመለሱ ነው።

ከወሎ ረሃብ ፊልም እስከ ስልክ ካሜራ

ተንቀሳቃሽ ምስል በኢትዮጵያ ፖለቲካ ላይ ያለው ኃይል በጉልህ የታየው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት ነው። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በወሎ የደረሰውንና በጊዜው የነበረው መንግሥት ሸፋፍኖት የቆየውን ረሃብ የሚያሳይ ፊልም በብሪታንያ ቴሌቪዥን አቀረበ። ፊልሙ ዓለምን ለእርዳታ አነሣሣ። በመስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት ደግሞ ደርግ ይህንኑ ፊልም በቤተ መንግሥት ድግስ ምስሎች እያቀያየረ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየ። በማግሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወረዱ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ትምህርት ይገኛል። አንደኛው፣ የተሸሸገን እውነት ምስል ሊያወጣው እንደሚችል ነው። ሁለተኛው፣ ያው እውነተኛ ምስል እንደ አቀናባሪው ፍላጎት ተቆርጦና ተቀጥሎ ለሌላ ዓላማ ሊውል መቻሉ ነው። ሁለቱም ዛሬም በስልክ ዘመን ይሠራሉ።

ከኅዳር 2008 ዓ.ም. ጀምሮ በኦሮሚያ የተቃውሞ ሰልፎች ሲስፋፉ፣ ኋላም በአማራ ክልል ሲቀጥሉ፣ በስልክ የተቀረጹ አጫጭር ቪዲዮዎች በማኅበራዊ መገናኛ መረቦች ይወጡ ነበር። መቀመጫቸውን በውጭ አገር ያደረጉት ኢሳትና የኦሮሚያ ሚዲያ ኔትወርክ ምስሎቹን ተቀብለው በሳተላይት ወደ አገር ቤት መልሰው ያሰራጩ ነበር። በመስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. በቢሾፍቱ የኢሬቻ በዓል ላይ የደረሰው እልቂትም በታዳሚዎች ስልክ ተቀርጿል። ሂውማን ራይትስ ዎች በቀጣዩ ዓመት ባወጣው ዘገባ ከእማኞች ቃል ጋር ቪዲዮዎችንና ፎቶዎችን መርምሯል።

የመንግሥት ምላሽ ምስሎቹ ምን ያህል እንዳሳሰቡት የሚያሳይ ነበር። ከበዓሉ ጥቂት ቀናት በኋላ የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ መመሪያ ሁለቱን ጣቢያዎች መከታተልን፣ በማኅበራዊ መገናኛ መረብ ከውጭ ኃይሎች ጋር መገናኘትንና እጅን አጣምሮ ማንሣትን ሳይቀር ከለከለ። ይህን ምልክት አትሌት ፈይሳ ሌሊሳ በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ በሪዮ ኦሊምፒክ ማራቶን መድረሻ መስመር ላይ ለዓለም አሳይቶት ነበር።

ፈጻሚዎች ራሳቸው ሲቀርጹ

በኋለኞቹ ዓመታት ብዙ ያነጋገሩ ቪዲዮዎች በመብት ተሟጋቾች የተቀረጹ አልነበሩም። ካሜራውን የያዙት ድርጊቱን የፈጸሙ ወይም ከፈጻሚዎቹ ጎን የቆሙ ሰዎች ነበሩ። በ2013 ዓ.ም. በትግራይ ማኅበረ ደጎ አቅራቢያ ያልታጠቁ ወንዶች በገደል አፋፍ ላይ ሲገደሉ የሚያሳየው ምስል በቦታው በነበሩ ወታደሮች ስልክ የተቀረጸ ነው። በዚያው ዓመት ግንቦት ወር በደምቢ ዶሎ በአደባባይ ከተገደለ የ17 ዓመት ወጣት ጋር በተያያዘ ሂውማን ራይትስ ዎች እንደዘገበው፣ ወጣቱ ሽጉጥ አንገቱ ላይ ታስሮ የሚታይበትን ቪዲዮ ያወጣው የከተማው አስተዳደር የፌስቡክ ገጽ ነበር።

እንዲህ ባሉ ጉዳዮች የተሟጋቹ ሥራ መቅረጽ አይደለም። ምስሉ ከመጥፋቱ በፊት ማስቀመጥ፣ ከየት እንደመጣ መዝግቦ መያዝና ለሚያጣራ አካል ማድረስ ነው።

የመተከሉ ጉዳይ ይህ ሥራ ምን ሊያስገኝ እንደሚችል ያሳያል። በመጋቢት 2014 ዓ.ም. መጀመሪያ አንድ ሰው በሕይወት እያለ በእሳት ሲቃጠል የሚያሳይ ቪዲዮ ተሠራጨ። የመንግሥት ኮሙኒኬሽን አገልግሎት ድርጊቱ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል መፈጸሙን አረጋግጦ በፈጻሚዎቹ ላይ ሕጋዊ እርምጃ እንደሚወሰድ አስታወቀ። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ባደረገው ማጣራት ደግሞ ድርጊቱ በመተከል ዞን ጉባ ወረዳ አይሲድ ቀበሌ በየካቲት 24 ቀን መፈጸሙንና የመንግሥት የጸጥታ አባላት ተሳታፊ እንደነበሩ ገለጸ። ከቪዲዮው በፊት ለሕዝብ ያልተነገረው ጉዳይ ከቪዲዮው በኋላ በቀን፣ በቀበሌና በፈጻሚ ተለይቶ ተመዘገበ።

ማጣራት እንዴት ይሠራል?

የማኅበረ ደጎው ቪዲዮ ሲወጣ የድርጊቱ ስፍራ አልታወቀም ነበር። የቢቢሲ “አፍሪካ አይ” የምርመራ ቡድን በምስሉ የሚታየውን የገደል አፋፍና የመሬቱን አቀማመጥ ከሳተላይት ምስል ጋር በማነጻጸር ቦታውን ለይቶ ውጤቱን በመጋቢት 2013 ዓ.ም. አወጣ።

ይኸው ቡድን ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ2018 በካሜሩን ላይ ያደረገው ምርመራ የዘዴው ምሳሌ ሆኖ ይጠቀሳል። ወታደሮች ሁለት ሴቶችንና ሁለት ሕፃናትን ሲገድሉ የሚያሳየው ቪዲዮ በወጣ ጊዜ የአገሪቱ መንግሥት ሐሰት ነው ብሎ ነበር። መርማሪዎቹ ከበስተጀርባ የሚታየውን የተራራ ሰንሰለት ተከትለው ቦታውን አገኙ። በየጊዜው በተነሡ የሳተላይት ምስሎች ላይ ቤቶች የተሠሩበትንና የፈረሱበትን ጊዜ አነጻጸሩ። የሰዎቹን ጥላ ርዝመትና አቅጣጫ ለክተውም ድርጊቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ ባሉት ቀናት ውስጥ መፈጸሙን ደረሱበት። እ.ኤ.አ. በ2020 የካሜሩን ወታደራዊ ፍርድ ቤት አራት ወታደሮችን በ10 ዓመት እስራት ቀጣ።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ መርማሪዎቹን ቦታውና ቀኑ ላይ ያደረሷቸው ግድያውን የሚያሳዩት ክፍሎች ሳይሆኑ ቀራጩ ሳያስበው በምስሉ ውስጥ የገቡት ተራራ፣ ቤትና ጥላ መሆናቸው ነው። በቦረናም ቢሆን ኮረብታ፣ ኤላ፣ መስጊድ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ትምህርት ቤት ወይም የስልክ ማማ በምስሉ መግባቱ በኋላ ለሚያጣራ ሰው ዋና መነሻ ይሆናል።

ቪዲዮ አለመኖሩም ድርጊቱ አልተፈጸመም ማለት አይደለም። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በግንቦት 2012 ዓ.ም. ጉጂን ጨምሮ በኦሮሚያና በአማራ ክልሎች ተፈጽመዋል ስላላቸው ግድያዎችና የጅምላ እስሮች ያወጣው ዘገባ በዋናነት የቆመው በእማኞችና በተጎጂዎች ቃል ላይ ነው። በሞያሌም በመጋቢት 1 ቀን 2010 ዓ.ም. ወታደሮች ሲቪሎችን ከገደሉ በኋላ በሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎች ወደ ኬንያ ተሰደዱ፤ ጉዳዩም የዓለምን ትኩረት ሳበ። ኮማንድ ፖስቱ ድርጊቱ በተሳሳተ መረጃ መፈጸሙን ገልጾ የተወሰኑ ወታደሮች ትጥቅ ፈትተው ምርመራ እንደተጀመረባቸው አስታወቀ። ምስል የምስክርን ቃል ያጠናክራል እንጂ አይተካውም።

አደጋው የማን ነው?

ቪዲዮ አጥፊውን ብቻ አያሳይም። በሰልፉ የተገኘውን፣ ቁስለኛውን ያነሣውን፣ በመስኮት ያየውንም ያሳያል። ያልተሸፈነ ፊት ለእስር ወይም ለበቀል ዝርዝር ሊሆን ይችላል። ዩቲዩብ እ.ኤ.አ. በ2012 ፊትን የሚያደበዝዝ አገልግሎት የጀመረው ይህንኑ ስጋት በማየት ነው። ድምፅ፣ ልብስና የቤት አጥርም ሰውን ያስለያሉ።

የተሟጋቹ ጉጉት ራሱ ወጥመድ ሆኖም ያውቃል። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲትዝን ላብ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 ባወጣው ጥናት መሠረት፣ በውጭ የሚኖሩ የኦሮሞ ተሟጋቾች ቪዲዮ የሚያሳይ የሚመስል አገናኝ በኢሜይል ይደርሳቸው ነበር። ቪዲዮውን ለማየት የፍላሽ ማጫወቻን አድሱ የሚለውን ጥያቄ የተቀበለ ሰው በኮምፒውተሩ ላይ የስለላ ሶፍትዌር ይጭናል። ዒላማ ከተደረጉት አንዱ በጊዜው የኦሮሚያ ሚዲያ ኔትወርክ ኃላፊ የነበሩት ጃዋር መሐመድ ነበሩ።

ሕጉም መታወቅ አለበት። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ መገናኛ ገጽ ለሚፈጸም ጥፋት ቅጣቱን ያከብዳል። የሌላ አገር ወይም የቀደመ ዓመት ምስልን የዛሬ አስመስሎ ማሠራጨት ከሕግ ተጠያቂነት በተጨማሪ ሌላ ጉዳት አለው፤ አጥፊው እውነተኛውንም ምስል “ሐሰት ነው” ብሎ እንዲክድ መንገድ ይከፍትለታል።

የሚቀርጽና የሚያስቀምጥ ሰው ሊያውቃቸው የሚገቡ

በመብት ተሟጋች ድርጅቶች ዘንድ የተለመዱት መመሪያዎች ቀላል ናቸው። የራስንና የሌላውን ደኅንነት ማስቀደም፤ ስልኩን አግድም ይዞ ሳያንቀጠቅጡ መቅረጽ፤ ከድርጊቱ በፊት ወይም በኋላ አካባቢውን ቀስ ብሎ ዙሪያውን ማሳየት፤ አደጋ ከሌለው ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን በድምፅ መናገር።

ዋናውን ፋይል አለመቁረጥ፣ ሙዚቃም ጽሑፍም አለመጨመር ያስፈልጋል። በፌስቡክ ወይም በዋትስአፕ እንደ ተራ ቪዲዮ የተላከ ምስል ጥራቱ ይቀንሳል፤ ከፋይሉ ጋር የተቀመጠው የቀንና የቦታ መረጃም ይጠፋል። ስለዚህ ዋናው ፋይል በአስተማማኝ ቦታ በሁለተኛ ቅጂ መቀመጥ፣ ለሕዝብ የሚወጣው ደግሞ ፊት የተሸፈነበት ሌላ ቅጂ መሆን ይገባዋል። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ከፍተኛ ኮሚሽነር ጽሕፈት ቤትና በካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የሰብዓዊ መብቶች ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2020 ይፋ ያደረጉት የበርክሌይ ፕሮቶኮል እንዲህ ያለውን ዲጂታል መረጃ ለፍርድ በሚበቃ መንገድ ስለመሰብሰብና ስለመያዝ ይደነግጋል።

ምስልን ለዓመታት ጠብቆ ማቆየት ለምን እንደሚጠቅም የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ራሱ ይመልሳል። በአንቀጽ 28 መሠረት የዘር ማጥፋት፣ ያለ ፍርድ መግደል፣ ሰውን አስገድዶ መሰወርና ኢሰብዓዊ የድብደባ ድርጊት በይርጋ አይታገዱም፤ በምሕረትም አይታለፉም። ዛሬ ሰሚ ያጣ ጉዳይ ነገ ችሎት ሊቀርብ ይችላል፤ በዚያን ጊዜ ዳኛው የሚጠይቀው ምስሉን ስንት ሰው እንዳየው ሳይሆን ማን እንደቀረጸው፣ የት እንደቆየና ሳይነካካ መቀመጡን ነው።