ሰውነታችን የራሱ የሕመም ማስታገሻ እንዳለው እንዴት ታወቀ?

ውድ ወላጆች፣ ልጅዎ «አመመኝ» ብሎ ሲያለቅስ አቅፈው ሲያባብሉት ዝም ካለ «ድሮም አላመመውም» ይላሉ? እስቲ ታሪኩን እንይ።

እ.ኤ.አ. በ1973 በአሜሪካው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ካንዳስ ፐርትና ሰለሞን ስናይደር ሞርፊን አእምሮ ውስጥ የሚያርፍባቸውን ተቀባዮች አሳዩ። ሞርፊን ከተክል የሚገኝ ነው፤ ታዲያ ሰውነታችን መቀበያውን ለምን አዘጋጀ? የራሱ ማስታገሻ ቢኖረው ነው ተባለ። በ1975 በስኮትላንድ አበርዲን ጆን ሂዩዝና ሃንስ ኮስተርሊትዝ ከአሳማ አእምሮ አገኙት፤ ስሙም ኤንኬፋሊን ተባለ።

በ1978 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ሌቪን፣ ጎርደንና ፊልድስ ጥርሳቸውን ለተነቀሉ ሰዎች መድኃኒት የሌለበት መርፌ ሰጡ። አንዳንዶቹን ሻል አላቸው። ተቀባዮቹን የሚዘጋው ናሎክሶን ሲሰጣቸው ግን ሕመሙ ባሰባቸው። ይህም ማስታገሻው ከራሳቸው ሰውነት እንደመጣ ጠቆመ። በኋላም በተቆጣና ባበጠ ቦታ የሚሰበሰቡ ነጭ የደም ሴሎች ኤንዶርፊን የተባለውን ተመሳሳይ ንጥረ ነገር እንደሚለቁ ታወቀ።

ስለዚህ በማባበል የቀለለ ሕመም የውሸት ሕመም አይደለም። ልጅዎን ይመኑት፣ ያረጋጉት። ነገር ግን ሕመም መታገሱ ሌላ፣ መዳን ሌላ ነው። እብጠቱ ከጨመረ፣ ትኩሳት ካለው ወይም ሕመሙ ካልተወው ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት፤ የታዘዘለትንም መድኃኒት አያቋርጡ።