ከአምባው ወደ ጎጆው

ከአዳማ ተነሥቶ በሞጆ በኩል ወደ ሻሸመኔ የሚወርድ መንገደኛ፣ ቡልቡላ ሲደርስ ወደ ምዕራብ ቢታጠፍ አላጌን ያገኛል። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በተካሄደው የሶማሊያ ጦርነት አባቶቻቸው የወደቁባቸው ልጆች ያደጉበት የሕፃናት አምባ የተመሠረተው በዚህ ሥፍራ ነበር። መንግሥት በወላጅ ቦታ ቆሞ መጠለያና ትምህርት ሰጣቸው።

አምባው ከተዘጋ በኋላ ሥፍራው የግብርና ቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ ሆነ። የአሳዳጊነቱ ኃላፊነት ግን ወደ ቤተሰብ አዘነበለ፤ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የአማራጭ ሕፃናት ክብካቤ መመሪያም በተቋም ማሳደግን የመጨረሻ አማራጭ አደረገው።

አሳቡ የሚደገፍ ነው፤ ልጅ ከዘመዱ ተለይቶ ሊያድግ አይገባውምና። ሆኖም የልጅ ልጇን የምታሳድግ አያት ገቢ፣ ለአካለ መጠን የደረሰውም ልጅ ሙያ ካላገኘ፣ መንግሥት ከትከሻው ያወረደው ሸክም በድኻዋ ጎጆ ላይ ተጫነ ማለት ነው። የባለሙያው ጥናትም ከዚያች ጎጆ ደጃፍ ሊጀምር ይገባል።