ያልተነገረው የቱርክ ታሪክ፦ የኑሪ ቢልጌ ጄይላን ፊልሞች

ሜይ 13 ቀን 2014 እ.ኤ.አ. በምዕራብ ቱርክ፣ ሶማ በምትባል ከተማ፣ የድንጋይ ከሰል ማውጫ ውስጥ እሳት ተነስቶ 301 ሠራተኞች አለቁ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አንድ ቱርካዊ ዳይሬክተር በፈረንሳይ የካን ፌስቲቫል መድረክ ላይ ወጥቶ ትልቁን ሽልማት፣ ፓልም ዶርን ተቀበለ። ሽልማቱንም ለሀገሩ ወጣቶች፣ በተለይ ባለፈው አንድ ዓመት ሕይወታቸውን ላጡት መታሰቢያ አደረገው። ከዓመት በፊት በጌዚ ፓርክ በተነሳው ተቃውሞ የሞቱ ወጣቶች ነበሩ። ዳይሬክተሩ የማንንም ስም አልጠራም፣ ባለሥልጣን አልወቀሰም። እነማንን ማለቱ እንደሆነ ግን ቱርክ ውስጥ ለመገመት የሚቸገር አልነበረም።

ኑሪ ቢልጌ ጄይላን በፊልሞቹም የሚናገረው እንዲሁ ነው። አንዳንዶች ይህን ፍርሃት ይሉታል። ፍርዱን ከመስጠት በፊት ግን ከእርሱ በፊት የነበረውን ማየት ይበጃል።

ከጄይላን በፊት የቱርክን ሲኒማ ለዓለም ያስተዋወቀው ይልማዝ ጉነይ ነበር። ጉነይ ሲናገር ጮክ ብሎ ነው። «ዮል» (መንገድ) የተባለውን ፊልሙን እስር ቤት ሆኖ ጻፈው፤ ቀረጻውን በእርሱ መመሪያ ሸሪፍ ጎረን ሠራው። ጉነይ በ1981 ከእስር አምልጦ ከሀገር ወጣና ቅንብሩን በስደት ጨረሰ። ፊልሙ በ1982 ፓልም ዶርን ከሌላ ፊልም ጋር ተጋራ፤ ቱርክ ውስጥ ግን እስከ 1999 ድረስ ታግዶ ቆየ። ጉነይ ዜግነቱን ተነጥቆ በ1984 ፓሪስ ውስጥ ሞተ። በሴፕቴምበር 1980 ሥልጣን የያዘው ጦር ፖለቲካውን ከአደባባይ ጠራርጎት ስለነበር፣ ከዚያ በኋላ የመጣው ትውልድ ያደገው ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ በሚያወራበት ሀገር ነው።

ጄይላን ከዚያ ትውልድ ነው። በ1959 ኢስታንቡል ተወለደ፣ ልጅነቱን ቻናካሌ አካባቢ ባለች ትንሽ ከተማ አሳለፈ፣ ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ተማረ፣ ከዚያ ወደ ፎቶግራፍ ገባ። የመጀመሪያ ረጅም ፊልሙን በ1997 ሲያወጣ ዕድሜው 38 ነበር። ገንዘብ ስላልነበረው አባቱንና እናቱን፣ የአጎት ልጁን አሠራ። ካሜራውንም ራሱ ያዘ።

ስሙን ያስጠራው በ2002 የሠራው «ኡዛክ» (ሩቅ) ነው። ፋብሪካ ተዘግቶበት ሥራ ያጣ ዩሱፍ የሚባል ወጣት መርከብ ላይ ለመቀጠር ከገጠር ከተማ ኢስታንቡል ይመጣና ዘመዱ ማህሙት ቤት ያርፋል። ማህሙት ፎቶ አንሺ ነው፤ የተማረ፣ ሥርዓት የሚወድ፣ እንግዳ የሚከብደው። በ2001 የቱርክ ኢኮኖሚ ክፉኛ ተናግቶ ነበር፤ ፊልሙ ግን ስለ ቀውስ አንድ ንግግር አያሰማም። ሁለት ሰዎች ሳሎን ውስጥ ሲጠባበቁ ነው የሚያሳየው። አንድ ቀን ማህሙት የኪስ ሰዓቱን ያጣል። ዩሱፍ ይጠረጠራል። ሰዓቱ በኋላ ይገኛል፣ ማህሙት ግን «አገኘሁት» አይልም። ያ ምስኪን ልጅ የሌባ ስም እንደተሸከመ ይቀራል። የከተሜው ምሁር ለገጠሩ ዘመዱ ያለውን ንቀት ከዚህ በበለጠ ያሳየ ትዕይንት ማግኘት ይከብዳል።

ዩሱፍን የተጫወተው የዳይሬክተሩ የአጎት ልጅ ሜህመት ኤሚን ቶፕራክ ነው። ፊልሙ እንዳለቀ በመኪና አደጋ ሞተ። በ2003 ካን ላይ የምርጥ ተዋናይነት ሽልማት ከባልደረባው ከሙዛፈር ኦዝደሚር ጋር ሲሰጠው በሕይወት አልነበረም።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን የ2011ዱ «አንድ ጊዜ በአናቶሊያ» ነው። (ፓልም ዶር ያገኘው በ2014 የወጣው «የክረምት እንቅልፍ» ቢሆንም፣ እርሱ ወሬ ይበዛበታል።) ፖሊሶች፣ ዐቃቤ ሕግና ሐኪም ገዳዩን መኪና ውስጥ ይዘው ሌሊቱን ሙሉ የተቀበረ ሬሳ ይፈልጋሉ። ታሪኩ የተቀዳው በአናቶሊያ ከተሞች በሐኪምነት ካገለገለው ከጸሐፊውና ተዋናዩ ከኤርጃን ከሳል ገጠመኝ ነው። ኮሚሽነሩ ይቆጣል፣ ሳጅኑ ኪሎ ሜትር ይቆጥራል፣ ሬሳው ሲገኝ መጠቅለያ ከረጢት ያመጣ የለም። ዕረፍት ያደረጉበት የመንደሩ ሹም ደግሞ አጋጣሚውን ተጠቅሞ የሬሳ ማቆያ ክፍል እንዲሠራለት ይለምናል፦ ወጣቱ ሁሉ ውጭ ሀገር ሄዷል፣ አባት ሲሞት ልጅ መጥቶ ለመጨረሻ ጊዜ እስኪስመው ሬሳው መቆየት አለበት። ስለ ቱርክ ስደት ብዙ መጽሐፍ ተጽፏል፤ እዚህ ጉዳዩ እራት ላይ በአንድ ልመና አልቋል።

መጨረሻው ከዚህም ይከብዳል። በአስከሬን ምርመራው የሟቹ መተንፈሻ ቱቦ ውስጥ አፈር ይገኛል፤ በሕይወት እያለ ነው የተቀበረው ማለት ነው። ሐኪሙ ይህን ሪፖርቱ ላይ አያስጽፍም። ለሚስቱና ለልጁ አዝኖ? ወይስ ደክሞት? ፊልሙ አይመልስም። የመንግሥት መዝገብ ግን ከዚያ በኋላ ሐሰት ነው፤ የዋሸው ደግሞ ከሁሉም ደግ የመሰለው ሰው ነው።

ጉነይ ግፍን በወታደርና በእስር ቤት አሳየ። ጄይላን ግን ሥልጣን የሚለመደው ከዚያ በፊት፣ ቤት ውስጥ እንደሆነ ያምናል። በ«የክረምት እንቅልፍ» ካፓዶቅያ ውስጥ ሆቴል ያለው አይዲን ለጋዜጣ ስለ ሥነ ምግባር ይጽፋል፤ ኪራይ ያቃተው የተከራዩ ልጅ ደግሞ መኪናውን በድንጋይ ይመታል። ሚስቱ ለቤተሰቡ ገንዘብ ይዛ ስትሄድ አባትየው እሳት ውስጥ ይጨምረዋል።

አንድ ወቀሳ ግን ፍትሐዊ ነው። በመጀመሪያዎቹ ፊልሞች ሴቶቹ ይታያሉ እንጂ እምብዛም አይናገሩም። ያ የተለወጠው ዘግይቶ ነው። በ2023ቱ «በደረቁ ሣሮች ላይ» ኑራይ የምትባል፣ በቦምብ ጥቃት እግሯን ያጣች መምህርት፣ ከምንም ነገር ራሱን የሚያገልለውን ሳሜትን እራት ላይ በክርክር ታፋጥጠዋለች። ሳሜት ዳይሬክተሩ ራሱን ይመስላል፤ ጥያቄዋም ለሁለቱም ነው፦ አንተ ምን አደረግህ?

ኑራይን የተጫወተችው ሜርቬ ዲዝዳር ሜይ 27 ቀን 2023 ካን ላይ ምርጥ ተዋናይት ተባለች። መድረክ ላይ ወጥታ ሽልማቱን በቱርክ ለሚታገሉ ሴቶች ሰጠች፤ ከመንግሥት ደጋፊዎችም ውርጅብኝ ወረደባት። በማግስቱ ሀገሪቱ የፕሬዚዳንታዊ ምርጫውን ሁለተኛ ዙር አካሄደች። ኤርዶዋን አሸነፉ።